በካሜራ ፊት የተባለች እሺ

ወንድሟን ያቀፈችው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ካሜራው በደንብ አልያዘውም፤ የወንድሟን ጀርባ ብቻ ነው ያሳየው ተባለ። ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካ ሰውዬ ከመብራቶቹ ኋላ ካለው ጨለማ ብቅ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ! አንዴ ደግመን እንተቃቀፍ። እናታችን፣ እርስዎ ፊትዎን ወደዚህ ያዙሩልኝ፤ እንባዎንም እንዳይጠርጉት» አላት። እታለም እንባዋን ሳትጠርግ፣ ወደተባለችበት ዞራ ወንድሟን ደግማ አቀፈችው። የመጀመሪያው የእውነት ነበር። ስንት ዓመት ያልነካችውን ትከሻ ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ አዳራሹንም ካሜራውንም ረስታ ነበር። በሁለተኛው ግን ዓይኗ ሥራ ያዘ። የኮቱ ትከሻ እርጥብ ጨርቅ ሳይደረግበት ተተኩሶ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። «ማን ነው እንዲህ ያቃጠለው?» አለች በልቧ። በዚህ መሀል አዳራሹ አጨበጨበ፤ ካሜራውም ያዘ።

«እታለም» ብሎ የሰየማት ይኸው ወንድሟ ነው፣ አፉን በፈታ ሰሞን። ከእሱ አፍ ሰፈሩ ወሰደው፣ ከሰፈሩ ደግሞ የላውንደሪው ሰዎች፤ የገዛ ስሟ መታወቂያዋ ላይ ብቻ ቀረ። ሙያዋ ልብስ ተኳሽነት ነው። ጠዋት ገብታ ማታ እስክትወጣ ከእንፋሎት ጋር ስትታገል ትውላለች፤ የሰው ሸሚዝ የሰውን ጠባይ ይነግራታል፣ ማን እጅጌውን እንደሚያኝክ፣ ማን ኪሱ ውስጥ ደረሰኝ እንደሚረሳ ታውቃለች። እናቷ ቀድማ ስትሞት ወንድሟን አሳደገች፤ እሱ አግብቶ ሲወጣ አባቷ አልጋ ላይ ዋሉና እሳቸውን አስታመመች። ትዳር በመሀል አንድ ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኩቶ፣ የሚከፍትለት ሲያጣ ሄደ። አባቷ ባረፉ በዓመቱ ወንድሟ መጥቶ «ቤቱን ሸጠን እንካፈል» አላት። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ሱቁን ማስፋት ፈልጓል። «እኔስ የት ልግባ?» አለችው። «እኔ ጋ ነዋ!» አለ። እምቢ አለች። ያለ እሷ ፊርማ ቤቱ አይሸጥም፤ እሷም አልፈረመችም፤ እሱም ደጃፏን አልረገጠም።

የቴሌቪዥኑን ሐሳብ ያመጣችው የወንድሟ ሚስት ናት። በየቅዳሜው ጠዋት ተቀርጾ ማታ የሚተላለፍ፣ የተጣሉ ዘመዳሞችን ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚመክር ፕሮግራም አለ። አማካሪውን ሁሉም ሰው ዶክተር ይለዋል፤ የምን ዶክተር እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን የለም። እታለምም ከአባቷ ጋር እያለች አንድም ቅዳሜ አታሳልፈውም ነበር። አባቷ ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «ይኼ ሰውዬ የሚለውን እኔም እለው ነበር፣ ክራቫት ቢኖረኝ» እያሉ ይስቁበታል። እሷ ግን ሰውዬው ሲናገር ደስ ይላት ነበር። አዲስ ነገር ስለሚናገር አልነበረም፤ የምታውቀውን ነገር እንዲያ ረጋ ባለ ድምፅ ሲነግሯት፣ የሆነ ሰው ከጎኗ የቆመላት ይመስላታል። ስለዚህ የወንድሟ ሚስት ደውላ፣ «እታለም፣ እኛ እርስ በርስ ስንነጋገር ወደ ንትርክ ይገባል። የሚያውቅ ሰው መሀላችን ይቀመጥ» ስትላት እሺ አለች። የላውንደሪውን ባለቤት አስፈቅዳ፣ ያለቻትን አንድ ጥሩ ቀሚስ ራሷ ተኩሳ ለብሳ ሄደች።

አዳራሹ በቴሌቪዥን ሲታይ ሰፊ ነው፤ ሲገቡበት መጋዘን ነው። ሶፋው ከፊት ያምራል፣ ከኋላው ጨርቁ በምስማር ተመትቷል። አበባው የፕላስቲክ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ውኃ ልታነሳ ስትል «እሱን አይንኩት፣ ለምስሉ ነው» አሏት። አንዲት ልጅ መጥታ ፊቷ ላይ ዱቄት ቀባችላትና ሄደች። አማካሪው መጣና ከመሀል ተቀመጠ፤ በእድሜ ከእሷ የሚያንሰው ቢበዛ በአንድ ወይ በሁለት ዓመት ነው፣ ግን ካሜራው ሲበራ «እናታችን» አላት። ወንድሟ አወራ። እንዴት እንዳሳደገችው፣ እንዴት እንደናፈቀችው፣ ልጆቹ አክስት እያላቸው አክስት እንደሌላቸው ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ውሸት አልነበረም። እታለምን ያስለቀሳት ይኸው ውሸት አለመሆኑ ነው። ከዚያ አማካሪው ወደ እሷ ዘንበል አለ።

«እናታችን፣ ቤት ማለት ምንድን ነው?»

እታለም መልሱን ስታስብ እሱው መለሰው። «ቤት ድንጋይና ቆርቆሮ ነው። ድንጋይ ይገዛል። ወንድም ግን ከየትኛው ገበያ ይገዛል?» አዳራሹ አጨበጨበ። «ይቅር ብለውታል?»

«ከአንጀቴ።»

«ከእንግዲህስ የሚጠይቅዎትን እሺ ይሉታል?»

ወንድሟ አንገቱን ደፍቷል። መብራቱ ዓይኗን ይወጋል። በዚያ መብራት ሥር፣ ያ ሁሉ ሰው አፍ አፏን እያያት፣ «ቆይ፣ ጥያቄው ምን እንደሆነ አስቀድሜ ልወቅ» ይባላል እንዴ? «እሺ» አለች። ያኔ ነው ተነስተው የተቃቀፉት።

ከዚያ ወንድሟ ለምሳ በመኪናው ወደ ቤቱ ወሰዳት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙም አላወሩም። የትራፊክ መብራት ሲይዛቸው፣ «ሥራ እንዴት ነው?» አላት። «ደህና ነው።» «ጥሩ ነዋ።» አረንጓዴው በራ። አዳራሹ ውስጥ እንደዚያ የተንሰቀሰቁ ሁለት ሰዎች መኪና ውስጥ እንደማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች ሆኑ። እታለም ሬዲዮኑን እንዲከፍተው በልቧ ተመኘች፤ እሱም ያንኑ ተመኝቶ ኖሮ ከፈተው።

ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ሶፋው አዲስ ነው፤ ከመጣ የቆየ ቢሆንም ላስቲኩ አልተነሳለትም፣ ሲቀመጡበት ይንቋቋል። የወንድሟ ሚስት አገላብጣ ሳመቻት። ሩዝና ሥጋ ቀረበ፤ ልጆቹ አፍረው ከበር ጀርባ አዩአት፤ ሠራተኛይቱ ውኃ አምጥታ ቀዳችላት። ምሳው ሲያልቅ ሚስትየዋ እጇን ይዛ፣ «ነይማ፣ ክፍልሽን ላሳይሽ» አለቻት። ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፣ መስኮቷ ወደ ደረጃው የሚከፈት። የሚታጠፍ አልጋ አለ። ግድግዳው ጥግ የመተኮሻ ጠረጴዛ ቆሟል፤ ወንበሩ ላይ የታጠበ ልብስ እንደ ጉብታ ተከምሯል። «ካውያውን እዚሁ አስገባነው። መቼም አንቺ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስድሽም ብዬ!» ብላ ሳቀች። እታለምም ሳቀች። ቀልዱ ጥሩ ቀልድ ነበርና።

እጇን ታጥባ ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ የሚስትየዋ ድምፅ ከመኝታ ቤት ይሰማል፤ ስልክ ላይ ነች። «አይ፣ ሠራተኛዋንማ በወሩ መጨረሻ አሰናብታታለሁ። ምን ታደርግልኛለች? እሷ ትመጣ የለ እንዴ! ልብሱንም ትተኩሳለች፣ ልጆቹንም ታያለች። ደመወዝ አትል፣ ጥላኝ አትሄድ። ደግሞስ የት ትሄዳለች?» ቃሉን በክፋት አልነበረም ያለችው። የወር አስቤዛ እንደሚያሰላ ሰው፣ ረጋ ብላ ነበር። እታለም ቀና ስትል ሠራተኛይቱ ሳህን ታቅፋ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሁለቱም ሰምተዋል። ተያዩ። መጀመሪያ ዓይኗን የሰበረችው እታለም ናት፣ የልጅቷን እንጀራ እሷ የነጠቀቻት ይመስል።

ሳሎን ስትመለስ ወንድሟ ቡናማ ፖስታ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «ገዢው ዝግጁ ነው፤ ሰኞ ውል እንዋዋላለን። ማታ ፕሮግራሙን አንቺ ጋ መጥተን አብረን እናያለን፤ ረቂቁንም ይዤልሽ እመጣለሁ» አላት። «ዛሬውኑ?» አለች። «እሺ አላልሽም እንዴ እታለም?» አለ፣ የእውነት ገርሞት።

ከዚያ ቤት ወጥታ ወደ ቤቷ የሚወስደውን ታክሲ አልያዘችም። ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ተመለሰች። ጥበቃው መጀመሪያ አላስገባም አለ፤ ቀጥሎ ፊቷን አየና፣ «እንዴ! ጠዋት የታረቁት እናት ነዎት? ሲወጡ አይቼዎት ነበር እኮ። እንኳን ደስ ያለዎት!» ብሎ በሩን ከፈተላት። ግቢው ውስጥ ለሚያገኘው ሁሉ እያስረዳ፣ «ዶክተሩ ጋ ናት፣ ልታመሰግን ነው» አለላት። አማካሪው መኪና ማቆሚያው ላይ ነበር። ክራቫቱን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከቶታል፣ የመኪናውን በር ከፍቶ በመስታወቱ እያየ ከአንገቱ ላይ ዱቄት በሶፍት ይጠርጋል። ያለ መብራቱ ሲታይ የደከመው፣ ሆዱ የወጣ፣ ተራ ሰው ነው። ይህ ደግሞ እንዲያውም አበረታታት።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። ያቺን እሺ ያልኳትን ከፕሮግራሙ ያውጡልኝ። ይቅርታው እንዳለ ይሁን። እሺዋ ብቻ ትውጣ።»

«እሱማ በእኔ እጅ አይደለም እህቴ። እዚያ ላይ የሚቆርጡት ሌሎች ናቸው። ደግሞ እሺዋ ከወጣች ፕሮግራሙ ምን ቀረው?»

«ካልወጣች ቤቴ ከእጄ ይወጣል» አለችና የሰማችውን ሁሉ ነገረችው፤ ክፍሏን፣ የመተኮሻ ጠረጴዛውን፣ የሠራተኛይቱን ነገር። አላቋረጣትም። ሶፍቱን በእጁ አጨማዶ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ቀነሰ። «የእኔ እህት ቢሆኑ የምልዎትን ልንገርዎት?»

«ይንገሩኝ።»

«አይፈርሙ። ከቤትዎ ንቅንቅ አይበሉ። ከዚያች ቤት ከወጡ በኋላ ቤትም የለም፣ ወንድምም የለም። ባለቤት ሆነው ሲኖሩ ነው እህት የሚሆኑት።»

እታለም ወደ መኪናው በር ጠጋ አለች። ከጠዋት ጀምሮ የፈለገችው ቃል ይኸው ነበር። «ታዲያ እዚያ ላይ ለምን አላሉኝም?»

«እዚያማ እንዲህ ይባላል እንዴ? የእርቅ ፕሮግራም እኮ ነው። ሰው ቅዳሜ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ‹ወንድምህን አትመን› ሊባል ነው የሚከፍተው?»

«ይኼን እያወቁ…»

«ይኼንንማ ማን አጣው?» አለ፣ ሳይቆጣ። «እርስዎስ አጥተውት ነው? ጠዋት እዚያ ሶፋ ላይ ሲቀመጡ አያውቁትም ነበር?»

ታውቀው ነበር። መራራው እሱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አልፈርምም ስትል የኖረችው ይኼንኑ ስለምታውቅ ነበር፤ ያወቀችውን ነገር አንድ ሰው በመብራት ሥር ሌላ ነው ሲላት ደግሞ ያንንም አመነች። አማካሪው መኪናው ውስጥ ገባ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እንደነገርኩዎት እንዳይናገሩ ብቻ» አላት፣ ሄደ። በሩ ላይ ጥበቃው «አመሰገኗቸው?» አላት። «አመሰገንኳቸው» አለችው።

ማታ ወንድሟና ሚስቱ ብስኩት ይዘው መጡ። ወንድሟ ደጃፉን ሲያልፍ ጎንበስ አለ፤ ቁመቱ ከመቃኑ ካለፈ ጀምሮ ጎንበስ ማለት የለመደበት በር ነው፣ አሁንም ራሱ አልረሳውም። አባታቸው ይተኙበት የነበረው አልጋ ላይ ሦስቱም ተደርድረው ተቀመጡና አዩ። ፕሮግራሙ አምሯል። ያ መጋዘን እንደገና ሰፊ አዳራሽ ሆኗል። «እሺ» ያለችበት ጋ ሲደርስ ሙዚቃ ገባ፤ የከንፈሯን እንቅስቃሴ ቀስ አድርገው፣ ከቅርብ፣ ደግመው አሳዩት። ከጎረቤት ግድግዳ ኋላ እልልታ ተሰማ። የወንድሟ ሚስት እንባዋን ጠረገች፣ የእውነት እንባ። ወንድሟ ፖስታውን አውጥቶ ረቂቁን ጉልበቷ ላይ አደረገላት፣ እስክሪብቶም ከነክዳኑ።

እታለም ወረቀቱን አላየችውም። አጥፋ መልሳ ሰጠችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ። እሱን አልመልሰውም። ይኼን ግን አልፈርምም።»

«እንዴ! አገር ሙሉ ሰምቶሽ? ጎረቤት እየሰማ?»

«ይስማ።»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው እታለም። አሁን ምን ትይኛለሽ?»

«እኔም ያለሁት አፋፉ ላይ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ሚስትየዋ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የት ትሄዳለች ብለሽ ነበር በስልክ። የትም አልሄድም።»

ቴሌቪዥኑ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። የሚስትየዋ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ኋላ ጠቆረ። ወንድሟ ሚስቱን አየ፤ ምን እንደተባለ አልጠየቀም። አለመጠየቁን እታለም አየች። ቢጠይቅ፣ «ምን ብለሻት ነው?» ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ ቢቆጣ፣ ማን ያውቃል፣ ምናልባት እስክሪብቶውን ታነሳ ነበር። እሱ ግን ብስኩቱ የመጣበትን ፌስታል አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ተነሳ፣ በሩ ላይ ጎንበስ አለ፣ ወጣ። ብስኩቱ ቀረ።

የዚያ ሳምንት ወሬ ሌላ ነው። እሁድ ጠዋት ሰፈሩ «እታለም፣ አኮራሽን!» ሲላት ዋለ። ማክሰኞ ነገሩ ተሰማ። ረቡዕ ባለሱቁ መልስ ሲሰጣት እጇ ላይ ሳይሆን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። ደጃፍ ላይ የሚቀመጡት ሴቶች እሷ ስትደርስ ወሬ ያቋርጣሉ፤ «እንዴት ዋላችሁ?» ስትል አንዷ ብቻ፣ ወደ ሌላ እያየች፣ «ደህና» ትላለች። በግድግዳው ማዶ እልል ያለችው ጎረቤቷ በሩን ዘግታ፣ ጮክ ብላ፣ እንድትሰማ አድርጋ፣ «ጉድ ነው! በሕዝብ ፊት ምሎ መካድ!» አለች። ማታ ማታ እታለም በሁለቱ ክፍሎች መሀል ትመላለሳለች። ቤቱ የእሷ ነው። የሚያንኳኳ የለም።

ቅዳሜ ማታ ላውንደሪው ሰው ይበዛበታል፤ ለእሁድ የሚለብሰውን የሚወስድ ሁሉ ይመጣል። የላውንደሪው ባለቤት ከባንኮኒው በላይ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ፕሮግራሙን ከፍታለች። እታለም የአንድ ሰው ሱሪ ላይ መስመር እያወጣች ሳለ፣ አቅራቢዋ፣ «ባለፈው ሳምንት ያስለቀሱን እህትና ወንድም ያልጠበቅነው ነገር ገጥሟቸዋል፤ ወንድምየው በስልክ መስመር ላይ ናቸው» አለች። የወንድሟ ድምፅ መጣ። ስለ እስክሪብቶው፣ ስለ ወረቀቱ ተናገረ። ቀጥሎ አለቀሰ። አማካሪው ክራቫቱን አስሮ ተቀምጧል። ጥያቄው ወደ እሱ ሲሄድ እንደዚያ ቀን መሬት መሬት አየ፤ እታለም ካውያውን ብድግ አድርጋ ያዘች። ሊናገር ነው፣ አለች በልቧ። ያንን መኪና ማቆሚያ፣ ያንን ሶፍት፣ ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ አስታወሰች። ሊናገር ነው።

«አያችሁ» አለ አማካሪው፣ ረጋ ብሎ፣ «ይቅርታ ሁለት ዓይነት ነው። የአፍ አለ፣ የልብ አለ። እናታችን በአፋቸው ይቅር አሉ፤ ልባቸው ግን ድንጋዩን መረጠ። እኛ ምን እንላለን? ከድንጋያቸው ጋር ደህና ይኑሩ ነው የምንለው።» አዳራሹ አጨበጨበ።

እታለም ልቧን ጠበቀችው፣ ይናደድ እንደሆነ። አልተናደደም። ሰውዬው በደንብ ተናግሯል። እሷ ሌላ ሰው ሆና፣ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ብትሰማው ኖሮ፣ ያቺን ሴት «አይ አንቺ!» ብላ ራሷን ትነቀንቅባት ነበር። የላውንደሪው ባለቤት ቀና ብላ አየቻትና ድምፁን ቀነሰች። ሱሪውን የሚጠብቀው ደንበኛ ግን ባንኮኒውን ተደግፎ እያየ ነበር።

«ሰማሽልኝ?» አላት። «የገዛ ወንድሟን! ምን ዓይነት ሴት ናት እሷ?»

«ቤት ያላት» አለች እታለም፣ ሱሪውን በመስቀያው ላይ እያደረገች።

ሰውዬው ቀልድ መስሎት ሳቀ።